የታመመ አብራሪና ተጠባባቂው



ቆቦ ተቀምጦ ስለ አብራሪዎች የሕመም ፈቃድ ማውራት ቅንጦት ይመስል ይሆናል። እኛ የራያ ቆላ ሰዎች አውሮፕላን ለመሳፈር ላሊበላ ወይም ኮምቦልቻ ድረስ በመኪና እንሄዳለን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ለአብራሪውም ለቆቦ ባንክ ገንዘብ ያዥም አንድ ነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወራት ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ያገኛል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ክፍያ።

ከዚህ የተሻለ ነገር በኅብረት ስምምነት ሊገኝ ይችላል፤ ለአብራሪ ደግሞ በጣም ያስፈልጋል። ጉንፋን የያዘው ጸሐፊ እያስነጠሰም ቢሆን ይሠራል፤ ጆሮው የተደፈነ አብራሪ ግን መብረር የለበትም። እሱ ሲቀር ተጠባባቂው አብራሪ ይጠራል። የሕመም ፈቃዱ ሲጠብ የታመመው ይበርራል፣ ተጠባባቂው ሲያንስ ደግሞ የደከመው። ስለዚህ የሕመም ፈቃዱንና የተጠባባቂውን አንቀጾች ለየብቻ መደራደር ስህተት ነው ባይ ነኝ። አዋጁ በአየር ትራንስፖርት የሥራ ማቆም አድማን ስለሚከለክል፣ የድርድሩ ጠረጴዛ ለአብራሪው ትልቅ ቦታ አለው። 

ማኅበር ያላችሁ አንባብያን የኅብረት ስምምነታችሁን ቅጂ ጠይቁና የሕመም ፈቃዱን አንቀጽ አንብቡ።

አዘጋጁ