ጀልባም ላይ መኪናም ላይ ይሠራል የተባለው ዕቃ

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ጎርጎራ ላይ በሞተር ጀልባ እንግዳና ተሳላሚ ያመላልሳል። የጀልባው ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከጎንደር ደባርቅ አይሱዙ ላይ ይሠራል። "ቲቸር፣ አጎቴ ከውጭ ሲመጣ ያገለገለ ጂፒኤስ ሊያመጣልኝ ነው። ቻርትፕሎተር ይሉታል። ተነቃይ ስለሆነ ጀልባም ላይ መኪናም ላይ ይሠራል አለኝ። ግማሹን እሱ ይችልልኛል፣ ግማሹን እኔ ከደረሰኝ ዕቁብ እከፍላለሁ። ምን ይመክሩኛል?"

መልሱ ረዘመብኝ። ለሌሎቻችሁም ይጠቅም ይሆናል ብዬ እዚህ ለጠፍኩት።

አጭሩን ልንገርህ፦ ዕቃው ጥሩ ነው፤ ግን ዕቁብህን ገና አታውጣበት።

ጂፒኤስ ማለት ጆሮ ማለት ነው። ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች የሚመጣውን የሰዓት ምልክት ይሰማል። ቢያንስ የአራቱን ከሰማ የት እንዳለህ ያሰላል። እሱ ወደ ላይ የሚልከው ነገር የለም፤ ስለዚህ ኔትወርክም ካርድም አይፈልግም። ይህ ጆሮ ኪስህ ውስጥ ያለው ስልክም ላይ አለ። ሰማዩ ክፍት ከሆነ ስልክህ በ5 ሜትር አካባቢ ልዩነት ቦታህን ያገኘዋል። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ካርታውን ለማምጣት ብቻ ነው። በ2015 ክረምት ክልላችን ላይ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ስንቱ ነው "ጂፒኤስም አብሮ ጠፋ" ያለው? ጂፒኤስ አልጠፋም ነበር። የጠፋው ካርታው ነው። እንደ ኦርጋኒክ ማፕስ ወይም ኦስማንድ ባሉ መተግበሪያዎች ካርታውን ቀድሞ ያወረደ ሰው መንገዱን እያየ ይሄድ ነበር።

ነጥቤም እዚህ ላይ ነው። ዕቃው የሚነግርህ የት እንዳለህ ነው። በየት በኩል ማለፍ እንደምትችል የሚነግርህ ካርታው ነው። ካርታው የማያውቀውን ደግሞ የሚነግርህ ሰው ነው።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። አንድ ክረምት አምባራስ አካባቢ ለቅሶ ልደርስ ስሄድ ጉም ወረደ። የማታውቁት ካላችሁ፣ የእኛ አገር ጉም ሲወርድ የራስህን ጫማ ማየት ያስቸግራል። እኔ ግን ስልኬ ላይ ቦታውን ምልክት አድርጌበት ስለነበር ተማመንኩ። 400 ሜትር ይላል፣ ቀስቱም ፊት ለፊት ያሳያል። በቃ ደረስኩ ብዬ ቀስቱን ተከተልኩ። ከጉሙ ውስጥ አንድ እረኛ ልጅ ጮኸ፦ "ጋሼ! ጋሼ! በዚያ መንገድ የለም፣ ገደል ነው!" ቆምኩ። ጉሙ ትንሽ ገለጥ ሲል ከእግሬ ፊት ያለውን አየሁት። ስልኩ አልዋሸኝም። 400 ሜትሩም ልክ ነበር፤ ግን የወፍ 400 ሜትር ነው። ልጁ ዞሮ በሚያስኬደው መንገድ ሲወስደኝ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብን።

የጀልባው ዕቃም በዋናነት የሚሠራው እንደዚያ ቀስት ነው። ለውሃ የተሠራ ስለሆነ መድረሻህን ስትነግረው ቀጥ ያለ መስመር ያሰምርልህና አቅጣጫና ርቀት ይሰጥሃል። ውሃ ላይ ያስኬዳል። ልማልሞ ላይ ግን ቀጥታ ርቀትና የመንገድ ርቀት አይተዋወቁም፤ ከታችህ የሚወጣውን መኪና ድምፁን እየሰማህ እሱ ጋ ለመድረስ ስንት ኩርባ ትዞራለህ? ስለዚህ የመንገድ ካርታ ካልተጫነበት "በዚህ ታጠፍ፣ በዚያ ግባ" አይልህም። የአንዳንዱ ፍጥነትና ርቀትም በባሕር መለኪያ ተሞልቶ ይመጣል። 10 ኖት ካለህ 18.5 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለቱ ነው። መኪና ላይ ስታደርገው ወደ ኪሎ ሜትር መቀየሩን አትርሳ።

"ታዲያ ጣና ላይስ?" ትለኝ ይሆናል። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ትልቁ ጥልቀቱ 14 ሜትር አካባቢ ነው። ውሃው ደግሞ ከወቅት ወቅት ይለዋወጣል። መስከረም ላይ ዘና ብለህ ያለፍክበት ቦታ ግንቦት ላይ ድንጋይ ሆኖ ሊጠብቅህ ይችላል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ያስቸገረን እንቦጭም ነፋስ ሲገፋው ቦታ ይለውጣል። ትናንት ክፍት የነበረው መግቢያ ዛሬ አረንጓዴ ሜዳ ነው። ይህን የትኛው ካርታ ያውቀዋል? ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት አጎትህን አንድ ነገር ጠይቀው፦ ዕቃውን ከፍቶ ጣናን ያሳይህ፣ ጎርጎራንና ማንዳባን አቅርቦ ፎቶ ይላክልህ። የጥልቀት ቁጥር ካለበት መልካም። ዝም ብሎ ሰማያዊ ከሆነ ግን ዕቃው ስለ ጣና የሚያውቀው ሰማያዊ መሆኑን ብቻ ነው።

ዕቃውን ማጣጣሌ አይደለም፤ ስልክ የማይችለውን ይችላል። ፀሐይ ላይ ስክሪኑ ይታያል፣ ውሃ ቢረጨው አይደነግጥም፣ በረጠበ እጅ ይሠራል፣ ከባትሪ ጋር ስለሚያያዝ ቻርጅ ጨረሰ የለም። ጥልቀት የሚለካ ገመድ ካለው ለጀልባ ትልቅ ነገር ነው (መኪና ላይ ግን ያ ገመድ ምንም አይሠራም)። አንድ ነገር ብቻ ልብ በል። የጀልባህ ባትሪ 12 ቮልት ቢሆን ብዙ አይሱዙ 24 ቮልት ነው። ከጀርባው የተጻፈውን ሳታነብ መኪናው ላይ ከሰካኸው ዕቁብህ በአንድ ደቂቃ ሊቃጠል ይችላል። ወደ አገር ሲገባ ምን እንደሚጠየቅም አጎትህ ጉምሩክን ቀድሞ ይጠይቅ።

ባለፈው ጣናነሽ ፪ ከጅቡቲ ወደ ጣና በመኪና ተጭና ስትመጣ ሁላችንም በስልካችን ስንከታተል ነበር። ጀልባ በመንገድ ስትሄድ ማለት ያ ነው። ድልድዩ ክብደቱን ይችል እንደሆነ፣ ኩርባው ርዝመቱን ያሳልፍ እንደሆነ ወርዶ የሚያይ ሰው ነበር የሚያስፈልገው። ቀስት ብቻውን ጣና አያደርሳትም ነበር።

እና ምን ላድርግ ካልከኝ፣ እኔ አንተን ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር።

መጀመሪያ ስልኬ ላይ ካርታውን አወርዳለሁ፣ ውሃ የማያስገባ መያዣ እገዛለታለሁ። ከዚያ በየጉዞው መንገዴን እመዘግባለሁ። ጠዋት በሰላም የሄድክበትን መስመር ማታ ላይ ተከትለህ መመለስ ትችላለህ፤ ከማንኛውም ከተገዛ ካርታ ይልቅ ያ መስመር ያንተ ነው። ድንጋይ ባየህ ቁጥር ምልክት አድርግ፣ ወሩንም ጻፍበት። በታንኳ ያደጉትን አባቶች ጠይቅና እነሱ የሚያውቁትንም መዝግብ። እነሱ የሚያውቁት ነገር አብሯቸው እያለፈ ነው።

የዕቁቡን ብር ግን በመጀመሪያ ላይፍ ጃኬት ግዛበት። ለተሳፋሪህ ሁሉ፣ ለሕፃኑም የሚሆን። ጂፒኤስ ጀልባዋ የት እንደተገለበጠች በትክክል ያውቃል፤ ግን አንድም ሰው ከውሃ አያወጣም። ከዚያ ከተረፈህ፣ ዕቃውም የጣናን ፈተና ካለፈ፣ ያኔ ግዛው፤ እኔም እመርቅሃለሁ።

ለሌሎቻችሁ፣ በተለይ አስጎብኚና ሹፌር ለሆናችሁ ተማሪዎቼ አንድ ነገር ልጨምር። ያ አሮጌው ባለ 1፡50,000 የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ካርታ በእጃችሁ ካለ፣ አዲንዳን በሚባል የድሮ መነሻ የተሠራ ነው። ስልካችሁ የሚሰጠውን ቁጥር እንዳለ ብታስቀምጡበት ከ100 ሜትር በላይ ይስታል። በእኛ አገር 100 ሜትር ማለት በመንገድና በገደል መካከል ያለው ልዩነት ነው። ስልካችሁ ላይ ግጭ ተብሎ መንደር ተጽፎ ብታዩም፣ ነዋሪው በ2008 ዓ.ም. አካባቢ ወደ ደባርቅ መነሳቱን አስታውሱ። መሽቶበት ማደሪያ ፍለጋ ወደዚያ የሚሄድ እንግዳ ካርታው ብቻ አይበቃውም፣ እናንተን ይፈልጋል። ኦፕንስትሪትማፕን ደግሞ ማንም ሰው ማረም ይችላል፣ እናንተም ጭምር። ምንጩን፣ የእግር መንገዱን፣ መሻገሪያውን አስገቡበት። ስም ስታስገቡ ግን የአገሬውን ስም ይሁን፣ ሽማግሌ ጠይቃችሁ።

ያ እረኛ ልጅ ዛሬ ትልቅ ልጅ ሆኗል። ስልክም ይዟል። ባገኘሁት ቁጥር "ጋሼ፣ ዛሬስ ቀስቱ ወዴት ይላል?" እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ፣ መብቱ ነው።

እናንተስ ስልክ ወይም ጂፒኤስ አሳስቷችሁ ያውቃል? የት ላይ? ኮሜንት ላይ ቦታውን ጻፉልን፣ ሌላው ይማርበት።