በእጅ የያዙት ወርቅ፦ የሰኔ ወር በቆሼ ዙሪያ



እነሆ ሰኔ ገባ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ መጥቆር፣ ጠዋት ጠዋትም መንገዱ መጨቅየት ጀምሯል። ፈተናው ተጠናቆ ካርድ ከታደለ በኋላ ልጆች ቤት ይውላሉ። ወላጅም «ልጆቹን የት ወስጄ ላዝናናቸው?» የሚለውን የየዓመቱን ጥያቄ ያነሣል። የተለመደው መልስ ሩቅ ነው፤ ለታክሲ ከፍሎ፣ ከተማውን አቋርጦ፣ ፒዛና ለስላሳ ገዝቶ፣ ማታ በዝናብ ተደብድቦ መመለስ። በዚህ የሚደሰት ቤተሰብ ካለ ደስታውን አንነፍገውም። ይሁን እንጂ «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» እንደሚባለው፣ በኮልፌ ቀራንዮ የምንኖር ሰዎች ደጃችን ያለውን ጣዕምና ጥበብ ሳናይ የምናልፈው ብዙ ጊዜ ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ከአየር ጤና እስከ ዘነበወርቅ ባለው መንገድ፣ ማለትም በቆሼ ዙሪያ፣ ምን እንብላ? ምን እንጠጣ? ምን እንይ? በሚለው ላይ እንነጋገራለን።

የስሙ ነገር

ወደ ማዕዱ ከመቅረባችን በፊት አንድ የሚያውከን ነገር አለ። መምህር እንደመሆኔ በየዓመቱ መጀመሪያ የተማሪዎችን አድራሻ እመዘግባለሁ። ከቆሼ የሚመጡት ልጆች ሰፈራቸውን ሲጠየቁ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። አንዱ «ዓለም ባንክ አካባቢ» ይላል፤ ሌላው «ወደ ጦር ኃይሎች» ይላል፤ ሦስተኛው ወረዳውን በቁጥር ተናግሮ ይቀመጣል። «ቆሼ» ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገር ጥቂት ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ስሙ ቆሻሻ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። አዲስ አበባ ትራፊዋን ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ስትከምርበት የኖረችው እዚህ ነው። አንድ ልጅ ግን በሰፈሩ ስም ሲያፍር በእናቱ እጅ በበሰለው ምግብ፣ በአያቱ ዜማና በጎረቤቱ ሙያም አብሮ ማፈር ይጀምራል። የሚያፍርበትን ነገር ደግሞ አይጠይቅም፣ አይማርም፣ ለልጁም አያወርስም። ስለ ምግብና ጥበብ ስንነጋገር ከስሙ የጀመርነው ለዚህ ነው።

ለመሆኑ በአገራችን ሌላ ቆሼ እንዳለ ስንቶቻችን እናውቃለን? በጉራጌ ምድር የማረቆ ወረዳ ዋና ከተማ ስሟ ቆሼ ነው። የማረቆ በርበሬ ደግሞ በቀለሙና በማቃጠሉ የተመሰገነ መሆኑን በርበሬ ገዝታ የማታውቅ የቤት እመቤት ብቻ ናት የማትነግረን። አንዱ ቆሼ በቆሻሻ፣ ሌላው ቆሼ በበርበሬ ይታወቃል። እንግዲህ ስም በራሱ የሚያሳፍርም የሚያኮራም አይደለም፤ የሚያኮራው በሥሩ ያለው ሥራ ነው።

ምን እንብላ?

ኮልፌ ከጉራጌ፣ ከስልጤ፣ ከወሎና ከሌሎችም አካባቢዎች የመጡ ሰዎች የሚኖሩበት ስለሆነ ማዕዱም እንደዚያው ብዙ ዓይነት ነው። ከሁሉ በፊት ግን እንሰትን እናንሣ። አንድ የእንሰት ተክል ለምግብ እስኪደርስ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈልጋል። እናቶች ግንዱን ፍቀው፣ ሥሩን ከትክተው፣ በኮባ በተለበጠ ጉድጓድ ቀብረው ለወራት ያብላሉታል፤ ቆጮ የሚሆነው ይህ ነው። ሲጨመቅ ከወረደው ውኃ ሥር የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ደግሞ ቡላ ነው። በአገራችን ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ኑሮው ከእንሰት ጋር የተያያዘ መሆኑ ይነገራል። እንግዲህ አንድ ልጅ ቆጮ በአይብና በጎመን ሲቀርብለት «ይሸተኛል» ብሎ ከመግፋቱ በፊት ይህን ታሪክ ቢሰማ፣ ሳህኑ ላይ ያለው የዓመታት ትዕግሥት መሆኑን ይረዳል።

የስልጤ ቤተሰቦች ጎረቤት ያለን ደግሞ አተካናን እናውቃለን። ቡላው ከቅቤና ከወተት ተዋጽኦ ጋር ተዋሕዶ የሚሠራ የክብር ምግብ ነው፤ ስሙ አብዝቶ የሚነሣውም በዐረፋ በዓል፣ በተለይም የሴቶች ዐረፋ በሚባለው ቀን ነው። ዒድ አል-አድሓ በ2017 ግንቦት 29 ቀን እንደዋለ ሁሉ በነዚህ ዓመታት በዓሉ ከክረምት መግቢያ ጋር ይጎራበታል። ብዙ ሰው ለዐረፋ ወደ ትውልድ ቀዬው ይሄዳል። መሄድ ያልቻለ ቤተሰብ ግን ጎረቤት ቁጭ ብሎ አሠራሩን ቢማር አንድ ከሰዓት በኋላ በደስታ ያልፋል።

ክትፎ የሚወድ ቤተሰብም አይጠፋም። እዚህ ላይ ግን አንድ ማሳሰቢያ አለን። የኮሶ ትል እንቁላል ከነሕይወቱ ወደ ሰው የሚገባው በጥሬ ሥጋ ነው ብለው የሚያስቡ አሉ፤ በትክክል በሥጋው ውስጥ ያለው ትንሹ ከረጢት ነው፣ የሚሞተውም ሥጋው በደንብ ሲበስል ነው። መሐሉ ቀይ የሆነ ለብለብ ለልጆች አይሰጥ።

ከመንገድ ዳር ደግሞ የሰኔ ብርድ ራሱ የሚጋብዘው አለ፤ ትኩስ የድንች ቅቅል በዳጣ፣ የምስር ሳምቡሳ፣ ፓስቲ። ሐምሌ ሲጋመስ የበቆሎ እሸት ጥብስ ይከተላል። እነዚህን የሚሸጡት አብዛኞቹ በዚያች ገቢ ቤት የሚያስተዳድሩ እናቶች ናቸው። ስትገዙ «አላህ ይባርክልዎት» ብላችሁ ግዙ፤ የአምስት ደቂቃ ጨዋታም ጨምሩ። ሆኖም ክረምት የጎርፍና የተበከለ ውኃ ወቅት ነው። በ2008 ክረምት መግቢያ አዲስ አበባ ውስጥ የተከሰተውን የአተት ወረርሽኝ አንርሳ። ከእሳት ላይ በትኩሱ የወረደውን ምረጡ፤ ከመብላታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ በምን ውኃ እንደታጠበ የማታውቁትን ጥሬ ሰላጣ ተዉት።

ምን እንጠጣ?

«ለስላሳ ካልተከፈተ ድግስ አይደለም» የሚለው አመለካከት በየቤታችን ሥር ሰድዷል። የእኛ አያቶች ግን የማያሰክር፣ ጣዕም ያለው መጠጥ ከሌሎች ሲዋሱ አልኖሩም። ብርዝ አለ፤ ማር በንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ ሳይብላላ የሚጠጣ። አብሽ አለ፤ ተነክሮ፣ ምሬቱ ወጥቶ፣ ተመትቶ በማር ወይም በስኳር የሚጣፍጥ። የወሎ ሰዎች ቤት ከቆላ ገብስ የሚዘጋጀው ቀሪቦ አለ። ቀሪቦን በሚመለከት ግን እናቶች የሚያውቁትን ወጣቶችም ይወቁ፤ የሚጠጣው በትኩስነቱ ነው፤ ከሰነበተ እየፈላ ባሕርይው ይለወጣል። ስለዚህ ለአንድ ቀን የሚበቃውን ብቻ መሥራት ነው።

ቡናንማ ምን እንላለን! እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ ብዙ ክርስቲያን ወገኖቻችን ቡናን የሙስሊሞች መጠጥ ነው በሚል አይጠጡትም ነበር። ዛሬ የቆሼ ሙስሊምና ክርስቲያን እናቶች በአንድ ረከቦት ዙሪያ ይሰበሰባሉ። ሦስተኛው ዙር «በረካ» መባሉን የሁሉም ቤት ያውቃል፤ ቃሉ ከዐረብኛ መምጣቱን ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። ወጣቶች ሆይ፣ ቡና ሲፈላ ስልካችሁን ይዛችሁ ወደ ጓዳ አትግቡ። የጎረቤት ታሪክ የሚነገረው በአቦልና በበረካ መካከል ነው።

ምን እንይ፣ ምን እንስማ?

ጥበብ ሲባል ብዙዎቻችን ሙዚየም ወይም ቴአትር ቤት ብቻ እናስባለን። የቆሼ ጎረቤት በሆነው ዘነበወርቅ ግን ሌላ ዓይነት ጥበብ አለ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በ1920ዎቹ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ከተቋቋመውና በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተጠራው ሆስፒታል ነው። በዚሁ ቦታ በ1958 አለርት ተመሠረተ። ከበሽታው ድነው ወደ ቀዬአቸው መመለስ ያልቻሉ፣ ዘመድ የራቃቸው ሰዎች በአካባቢው ጎጆ ቀልሰው ኖሩ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ሽመናና ጥልፍ ተምረው በእጅ ሥራቸው ቤተሰብ አሳደጉ። በሽታው ጣታቸውን የጎዳባቸው ሰዎች ጨርቅ ላይ አበባ ጠለፉ። የማሽን ሥራ በሞላበት ዘመን ከዚህ የበለጠ ለልጅ የሚታይ ምን ጥበብ አለ? በዚያው በኩል ስታልፉ የእጅ ሥራ ሲሸጥ ካገኛችሁ ልጁ ጨርቁን በእጁ ይዳስሰው፤ የቻለ ይግዛ፤ ያልቻለ ሠሪውን ያመስግን። የሥጋ ደዌ ሕክምና የጀመረ ሰው በሽታውን እንደማያስተላልፍም ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፤ ከድህነቱ ይልቅ ሰውን የገደለው መገለሉ ነውና።

ለጆሮ ደግሞ መንዙማ አለ። የወሎ ዓሊሞች ዐማርኛውን በዐረብኛ ፊደል እየጻፉ፣ ማለትም በዐጀም፣ ለሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ ግጥም አድርገው አስተማሩበት። ሼህ ጦልሓ ኢብን ጃዕፈር በዚህ ከሚጠቀሱት አንዱ ናቸው። በኋላም የሼህ ሙሐመድ አወል ድምፅ በካሴት በየቤቱ ገባ። በድቤና በአንዳንድ ይዘቱ ላይ ዓሊሞቻችን የተለያየ አቋም እንዳላቸው ይታወቃል፤ ያን ወደ እነርሱ እንመራለን። ማንም የማይክደው ግን መንዙማ የዐማርኛ ቅኝትና የዐረብኛ ዕውቀት የተገናኙበት የእኛው ቅርስ መሆኑን ነው። መድረሳም ዘመናዊ ትምህርት ቤትም የሚውል ልጅ ሁለቱን ፊደሎቹን በአንድ ገጽ ላይ የሚያገኛቸው በዐጀም ነው። እስቲ አያቱን «ከልጅነትዎ የሚያስታውሱትን ይበሉልኝ» ብሎ ይጠይቅ፤ ከዚያም በሁለቱም ፊደል ይጻፈው። ለክረምት ከዚህ የተሻለ የቤት ሥራ አላውቅም።

ትራፊው የት ይሄዳል?

ይህን ሁሉ በልተንና ጠጥተን ስናበቃ አንድ ጥያቄ ይቀራል። የከተማ ደስታ ሁለት ጫፍ አለው፤ አንዱ ማዕዱ፣ ሌላው መጣያው። ሌላው የከተማ ነዋሪ ሁለተኛውን ጫፍ ሳያይ ሊኖር ይችላል፤ ቆሼ ግን አልቻለም። በየሆቴሉና በየድግሱ የተረፈው እዚህ መጣ፤ ከዚያም ውስጥ የሚሸጥና የሚበላ እየለቀሙ ቤተሰብ ያኖሩ ሰዎች ነበሩ። በ2008 መጣያው ወደ ሰንዳፋ ተዛውሮ ነበር፤ የአካባቢው ገበሬዎች ተቃውመው በወራት ውስጥ ሲዘጋ ቆሻሻው ተመልሶ በዚያው ክምር ላይ ተደረበ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ቅዳሜ ምሽት ክምሩ ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ለሦስት ቀናት ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። በነሐሴ 2010 ከቆሻሻ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጨው የረጲ ፋብሪካ እዚያው ተመረቀ።

ያ ክምር የቆሼ ሰዎች ቆሻሻ አልነበረም። የመላው ከተማ ትራፊ ነበር። እንግዲህ ማፈር ካለበት ማን ነው? ከድግሱ ግማሹን የጣለው ነው ወይስ የተጣለውን ለቅሞ ልጁን ያስተማረው? ማባከን በዲናችን የተጠላ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ በቆሼ ግን ብክነት ከቃል አልፎ ተራራ ሆኖ ታይቷል።

ስለዚህ የዘንድሮው የሰኔ ሽርሽራችን እንዲህ ቢሆን፦ የምንበላውን ያህል ብቻ እንዘዝ። ለቤት የምንወስደውን በራሳችን ዘንቢል ወይም ሳህን እንያዝ፤ ፌስታልን የሚከለክል የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ በ2017 ጸድቋል፤ አያቶቻችንም ቆጮን የሚጠቀልሉት በኮባ ነበር፤ ኮባው ተመልሶ አፈር ይሆናል። የተረፈ ንጹሕ ምግብ ካለ ሳይበላሽ ለጎረቤት ይድረስ። የአትክልት ልጣጭ በጓሮ ጉድጓድ ይቀበር፤ ሰኔ የመትከያ ወር ነውና የጎመን መደብ ይሆናል።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁን አንድ ቅዳሜ በእግር ይዛችሁ ውጡና የሰፈራችሁን ማዕድ፣ ሙያና ዜማ በስሙ እየጠራችሁ አሳዩአቸው። ወጣት ወንድሜ፣ ወጣት እህቴ! በመስከረም መምህራችሁ «ሰፈርህ የት ነው? ሰፈርሽስ?» ሲል «ቆሼ» በሉት። «እዚያ ምን አለ?» የሚል ካለ የምትነግሩት ብዙ ነገር አላችሁ።

አላህ በእጃችን ያለውን ወርቅ የምናይበት ዓይን፣ የማናባክንበትም ልብ ይስጠን። ወሰላሙ ዐለይኩም።