45 ደቂቃ ይዞ መሸነፍ

የአሜሪካን ፉትቦል ተንታኞች ደጋግመው የማይሰለቹት አባባል አላቸው፤ “ሰዓቱን የተቆጣጠረ ጨዋታውን ያሸንፋል” ይላሉ። ጨዋታው ሊጀመር ሲል ይሉታል፣ በእረፍት ይሉታል፣ ካለቀ በኋላም ይሉታል። እኔ ደግሞ ሰዓት መያዝና ጨዋታ መያዝ ለየቅል ናቸው ባይ ነኝ። ስነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው በዚያ ሞላላ ኳስ ምን ጥልቅ አደረገው የምትሉ ካላችሁ፣ ነገሩ የኳስ ብቻ ሳይሆን ምክንያትንና ውጤትን የማምታታት ጉዳይ ነው። እሱ ደግሞ ሁላችንንም ያገባናል።

ጨዋታው 60 ደቂቃ ነው። ኳስ የያዘው ቡድን በአራት ሙከራ 10 ያርድ መግፋት አለበት። ኳስ ይዞ የሚሮጠው ሰው ሜዳው ውስጥ ከተጣለ ሰዓቱ መቁጠሩን ይቀጥላል፤ የተወረወረ ኳስ ሳይያዝ መሬት ከወደቀ ግን ሰዓቱ ይቆማል። እናላችሁ፣ “ሰዓት መቆጣጠር” የሚባለው እየሮጡ ማዝገም ነው።

የሰዓት ጠበቆች የሚምሉበት ጨዋታ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1991 ታምፓ ላይ የተካሄደው ሱፐር ቦውል ነው። የቢል ፓርሴልስ ኒው ዮርክ ጃያንትስ ኳሱን 40 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ ይዞ ባፋሎ ቢልስን አሸነፈ። እሰየው! ግን ስንት ለስንት? 20 ለ 19። 8 ሰከንድ ሲቀር የባፋሎው ስኮት ኖርውድ ከ47 ያርድ የመታት ኳስ በቀኝ በኩል ወጣች። ትንሽ ወደ ግራ ብላ ብትገባ ኖሮ ያ ሁሉ 40 ደቂቃ ምን ይባል ነበር? በዚያው ጨዋታ ጃያንትስ 9 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ የፈጀ አንድ ጉዞ አድርጎ ነበር፤ እስከ ዛሬ ይወደሳል። ጉዞው ያበቃው ግን በተችዳውን ነው። የጠቀመው ነጥቡ እንጂ ደቂቃው አይደለም።

የምር የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2009 እኚሁ ፓርሴልስ የማያሚ ዶልፊንስ የበላይ ኃላፊ ነበሩ። ማያሚ ከኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ ጋር ሲገናኝ ኳሱን 45 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ያዘ። ለፔይተን ማኒንግ ቡድን የተረፈው 14 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ብቻ ነው። ማኒንግ በመጀመሪያዋ ሙከራው የ80 ያርድ ተችዳውን አገኘ፤ ጨዋታው ሊያልቅ ከ4 ደቂቃ ያነሰ ሲቀር ደግሞ የማሸነፊያውን ወረወረ። 27 ለ 23 አሸነፈ። “አንድ ጨዋታ አጋጣሚ ነው” የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2013 የቺፕ ኬሊ ፊላደልፊያ ኢግልስ ኳስ በመያዝ ከ32ቱ ቡድኖች መጨረሻ ነበር፤ ምድቡን ግን በአንደኝነት ጨረሰ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በእኛ እግር ኳስ ተጋጣሚህ ከነጠቀህ በቀር ኳሱን ይዘህ መቆየት ትችላለህ። እዚያ ግን ተራ አለ፤ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይረከባል። ከጥቂት አጋጣሚዎች በቀር ሁለቱም የሚደርሳቸው ተራ እኩል ነው። ኳሱን ስታቆይ የተጋጣሚህን ተራ ብቻ ሳይሆን የራስህንም ትቀንሳለህ።

“ታዲያ አሸናፊዎቹ ለምን ብዙ ጊዜ ሰዓት ይዘው ይገኛሉ?” መምራት ስለጀመሩ ነዋ! የመራ ቡድን ሰዓቱ ቶሎ እንዲያልቅለት ይሮጣል፤ የተመራው ሰዓት ለማቆም ይወረውራል። ዶሮ ስለጮኸ ነጋ እንደማለት ነው።

አንድ ሁለት ነገር እሰጣቸዋለሁ። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ለሚመራ ቡድን ሰዓት መግደል ብልህነት ነው። ደካማ ቡድንም ተራው ባነሰ ቁጥር የመታደል ዕድሉ ይጨምራል፤ ይሄ ግን ዕጣ መጣል እንጂ መቆጣጠር አይደለም። “ተከላካዮቻችን ያርፋሉ” የሚለውንም ሰምቻለሁ። ተከላካይን በደንብ የሚያሳርፈው ተጋጣሚን በሦስት ሙከራ አስቁሞ መመለሱ ነው።

ለምን ይሄን ያህል ተንገበገብክ ትሉኝ ይሆናል። ይሄ በሽታ ሜዳ ላይ ስለማይቀር ነዋ! ሳስተምር ተጨማሪ ወረቀት እየጠየቁ ፈተና የሚሞሉ ተማሪዎች ነበሩኝ፤ ማርክ ሲያንስባቸው “ያን ሁሉ ጽፌ?” ይሉኛል። ስብሰባ ላይ ማይክ የማይለቅ ሰው ሐሳቡ ያሸነፈ ይመስለዋል። ቢሮ አምሽቶ የሚወጣ ሁሉ ሠርቶ አመሸ ይባላል፤ በሁለት ሰዓት ጨርሶ የወጣው ግን “ሰነፍ” ነው። ምን እንደተሠራ ከመጠየቅ ስንት ሰዓት እንደፈጀ መቁጠር ስለሚቀለን ሰዓቱን እንቆጥራለን።

የስታዲየሙ ሰሌዳ ላይ ሰዓትም ነጥብም አለ። ሰዓቱ ዜሮ ሲሆን አሸናፊው የሚታወቀው ግን በነጥቡ ነው።