የሕዝብ አሳብና የመንግሥት ምክር

የመንግሥት ሥራ የሚጸናው በሕግና በሠራዊት ብቻ አይደለም። ሕዝቡ ስለ አገሩ ጉዳይ የሚያስበውን ሹማምንቱ ሰምተው ሲመዝኑት ምክር ይሰምራል፤ ሳይሰሙት ሲቀሩ ግን ለበጎ የታሰበውም ሥራ ቅሬታን ይወልዳል። ለዚህ ነገር የጃፓን ታሪክ፥ ይልቁንም ከኢትዮጵያ ጋር የተገናኘው ክፍል፥ ብዙ ትምህርት ይሰጣል።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው ሕገ መንግሥት በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲረቀቅ፥ በ1881 ዓ.ም. የወጣው የጃፓን ሕገ መንግሥት አብነት ሆኖ ነበር። በ1924 ዓ.ም. ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ወደ ጃፓን ተልከው ያዩትን ሁሉ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው ገለጡ። በዚያም ዘመን ብዙ የተማሩ ሰዎች ጃፓንን የሥልጣኔ ምሳሌ አድርገው ይመለከቷት ነበር።

በ1927 ዓ.ም. ኢጣልያ ለወረራ ስትዘጋጅ፥ ከጃፓን ሕዝብ የብዙው ልብ ወደ ኢትዮጵያ አዘነበለ። በሐምሌ ወር በሮም የነበሩት አምባሳደር ሱጊሙራ፥ መንግሥታቸው በነገሩ ጣልቃ እንደማይገባ ለሙሶሊኒ መናገራቸው በተሰማ ጊዜ፥ በጃፓን ጋዜጦችና ማኅበሮች ዘንድ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። ዳሩ ግን ይህ ጩኸት የመንግሥትን መንገድ አልመለሰውም። በ1929 ዓ.ም. የጃፓን መንግሥት ለኢጣልያ ወረራ ዕውቅና ሰጠ፤ በለውጡም በማንቹርያ ላቋቋመው አገዛዝ የኢጣልያን ድጋፍ ፈለገ።

ምክንያቱን መመርመር ይገባል። በ1917 ዓ.ም. ዕድሜው 25 ዓመት የሞላ የጃፓን ወንድ ሁሉ የመምረጥ መብት ሲሰጠው፥ በዚያው ዓመት የወጣው የሰላም ማስጠበቂያ ሕግ ደግሞ አሳብን የሚያሥር ነበር። በአንድ እጅ የተሰጠው በሌላው ተያዘ፤ የጦር ሹማምንትም ቃል ከሕዝቡ ቃል በለጠ። የዚህ ፍጻሜ ምን እንደ ሆነ በ1937 ዓ.ም. መጨረሻ የሆነው የጃፓን ሽንፈት ያስረዳል። ሉዓላዊነት የሕዝብ መሆኑን የሚናገረው ሕገ መንግሥት በ1939 ዓ.ም. ከጸና በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ1952 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር ስለ ተደረገው የጸጥታ ውል እጅግ ብዙ ሰው በቶኪዮ አደባባይ ወጥቶ በተቃወመ ጊዜ፥ ውሉ ቢጸናም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኪሺ ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

ይህ ሁሉ ለአዲስ አበባ ሩቅ ነገር አይደለም። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ያለው ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው፥ ወራሪው የኢጣልያ መንግሥት ለሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች ነው፤ በዚያን ጊዜ የአገሩን ሰው አሳብ የጠየቀ አልነበረም። በ2017 ዓ.ም. ይኸው ሰፈር በኮሪደር ልማት ሲታደስ፥ ብዙ ነዋሪዎች ተነሥተው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ስፍራዎች ሄዱ። መንገድ መስፋቱ፥ ፍሳሽ መስመር መያዙ ለከተማው ጥቅም መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን የተነሣው ሰው ትቶት የሄደው ግድግዳና ጣራ ብቻ አይደለም፤ እድሩን፥ ጉርብትናውን፥ የዕለት እንጀራውን የሚያገኝበትን ደጃፍ፥ አጥቢያውንም ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ43ኛው አንቀጽ፥ ማኅበረሰቡን በሚመለከት ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ አሳቡን እንዲሰጥ ለዜጋ መብት ሰጥቶታል። እንግዲህ ሹም የሆነ ሁሉ ካሳውን ከመቁጠር አስቀድሞ ቃሉን መስማት፥ የማይቻለውንም በምክንያት ማስረዳት ግዴታው ነው። ቤት ከፈረሰ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ማስታወቂያ እንጂ ምክክር አይባልም። የሕዝቡን ኀዘን ከሁሉ አስቀድመው የሚሰሙት ካህናትም፥ የሰሙትን ሳያሳንሱና ሳያጋንኑ ለሹማምንት ቢያደርሱ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማሉ።

የሕዝብ አሳብ ሁልጊዜ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ሳይሰሙት መፍረድ ግን ሁልጊዜ ስሕተት ነው።