በቤት ውስጥ ስላለው ፕሪንተር፤ ሳይመረምሩ መቈጣት እንዳይገባ

ቤትን በጥበብ ማስተዳደር ማለት የእህሉንና የልብሱን ነገር ማሰብ ብቻ እንዳይደለ ለአንባቢዎቻችን የታወቀ ነው። ዛሬ ኮምፒዩተርና የጽሕፈት ማተሚያው ፕሪንተር ከቤት ዕቃ ተቈጥረዋልና፣ ይልቁንም ሊኑክስ በተባለው ሥርዓት ለሚሠሩ ቤተ ሰቦች ጥቂት ምክር መስጠት የሚገባ ሆኖ አገኘነው። ይህን ሥርዓት ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለው የፊንላንድ ተማሪ በ1991 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የጀመረው ነው።

ለመጻፍ ያነሣሣን በገዛ ቤታችን የደረሰው ነገር ነው። ልጃችን በማግሥቱ ጠዋት ለትምህርት ቤት የሚያቀርበውን ማመልከቻ ሊያትም በተነሣበት ማታ መብራት ጠፍቶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ፕሪንተሩ መብራቱን እያበራ ቆመ እንጂ አንድ ወረቀት እንኳ አላወጣም። ልጁም ጨንቆት ትእዛዙን ደጋግሞ ሰደደ። እኛም ማሽኑን ያበላሸኸው አንተ ነህ ብለን በቁጣ ተናገርነው፤ እሱም እያለቀሰ ተኛ። ኋላ ስንመረምር ግን ማሽኑ ጤነኛ፣ ልጁም ንጹሕ ሆኖ ተገኘ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በሊኑክስ የማተምን ሥራ የሚያዝዘው ካፕስ የሚባል ፕሮግራም ነው፤ ይህንንም ማይክል ስዊት በ1999 ለሕዝብ አውጥቶታል። ካፕስ እንደ አጋፋሪ ነው፤ የሚታተመውን ጽሑፍ ሁሉ ተቀብሎ ተራ ያስይዘዋል፣ ተራው ሲደርስም ወደ ፕሪንተሩ ያስገባዋል። ፕሪንተሩን ፈልጎ ያጣው እንደ ሆነ ግን በሩን የሚዘጋበት ጊዜ አለ፤ ፕሪንተሩ ቢመለስም ሰው ካልከፈተው በሩ እንደ ተዘጋ ይቈያል።

ስለዚህ ምርመራው በተራ ይሁን።

መጀመሪያ፤ ወረቀቱን፣ ቀለሙንና ገመዱን መመልከት ነው። ፕሪንተሩ በራሱ ቍልፍ ታዝዞ የሙከራ ገጽ ካተመ፣ ሕመሙ ከእርሱ ሳይሆን ከኮምፒዩተሩ ወይም ከመገናኛው ነው።

ሁለተኛ፤ ተራውን መመርመር ነው። በማሰሻው የአድራሻ ቦታ ሎካልሆስት የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል ጽፈው ሁለት ነጥብና 631 ቢያስከትሉ የካፕስ ገጽ ይከፈታል። ፕሪንተሩ መቆሙን የሚናገር ቃል ቢገኝ፣ አስቀድሞ የተጠራቀመውን ትእዛዝ መሰረዝ፣ ከዚያም ሥራው እንዲቀጥል ማዘዝ ነው። በዚህ ጊዜ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ሊጠይቅ ይችላል።

ሦስተኛ፤ ፕሪንተሩ ያለ ገመድ በዋይፋይ የሚሠራ ከሆነ አድራሻውን ማየት ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ዋይፋዩን የሚያድለው መሣሪያ ለፕሪንተሩ ሌላ ቍጥር ሊሰጠው ይችላል፤ ኮምፒዩተሩም በቀድሞው አድራሻ ሲፈልገው ይኖራል። በእኛ ቤት የሆነውም ይኸው ነበር። መድኃኒቱ አሮጌውን መዝገብ ሰርዞ ፕሪንተሩን እንደ ገና ማስመዝገብ፣ ቍጥሩም እንዳይለወጥ በማደያው መሣሪያ ላይ ማጽናት ነው።

አራተኛ፤ ወረቀቱ ወጥቶ ትርጉም የሌለው ፊደል ቢሞላበት ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የድራይቨሩ ነው። ድራይቨር የኮምፒዩተሩን ቃል ወደ ፕሪንተሩ ቋንቋ የሚመልስ አስተርጓሚ ስለ ሆነ፣ ለዚያ ዓይነት ፕሪንተር የተሠራውን መርጦ መተካት ያስፈልጋል። ከአዲሶቹ ፕሪንተሮች ብዙዎቹ ግን ያለ ልዩ ድራይቨር ይሠራሉ።

እኛ አድራሻውን ካቀናን በኋላ የተጠራቀመውን ትእዛዝ መሰረዝ ረስተን በሩን ብንከፍት፣ ያው ማመልከቻ ዘጠኝ ጊዜ ታትሞ ወጣ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው በእኛ ደረሰ። የባከነው ወረቀት ግን ያን ያህል አያሳዝንም። ያሳዘነን በከንቱ የተቈጣነው ልጅ ነው፤ እሱንም ቀስቅሰን ማመልከቻውን በእጁ ሰጠነው፣ ይቅርታም ጠየቅነው።

እንግዲህ አንባቢዎቻችን ሆይ፣ ማሽን እንቢ ባለ ጊዜ አስቀድሞ መመርመር፣ ከዚያ በኋላ መፍረድ ይገባል። የተዘጋ በር በአንድ ትእዛዝ ይከፈታል፤ ያለ ጥፋቱ የተቈጡት ልጅ ልብ ግን እንዲህ በቀላሉ አይከፈትም።