ከጊፋታ በኋላ የሚጎድሉ ልጆች

ወንድሞቼ፣ በዱቡሻ ተቀምጠን የተጣላ የምናስታርቅ፣ የድንበር ክርክር የምንዳኝ የወላይታ ሽማግሌዎች፣ ዛሬ የማነሳባችሁ ነገር ከድንበር ክርክር የከፋ ነው። ልጆቻችን ከትምህርት ገበታ እየቀሩ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ፈቃዱን የምንሰጠውም እኛው ነን።

ትምህርት ቤት መስከረም ላይ ይከፈታል፤ የዘመን መለወጫችን ጊፋታም በዚያው ወር ይገባል። አዲስ አበባ የከረመው ወጣት ለበዓሉ ለባብሶ ይመጣል፣ ሲመለስ አንድ ሁለት ልጅ ያስከትላል። ወንዱ ሊስትሮ ወይም ሎተሪ አዟሪ፣ ሴቷ የቤት ሠራተኛ ትሆናለች። መምህሩ በየጠዋቱ ስማቸውን ይጠራል፤ አቤት የሚል የለም። ጊፋታ ክብራችን ነው። የልጅ መሸኛ ያደረግነው እኛ ነን።

ጨርሶ የሄደው መሄዱ ይታወቃል። እኔን አብልጦ የሚያስፈራኝ ሰፈር ውስጥ እያለ የሚጎድለው ነው። ጎዳሬ ተሸክማ ወደ ሶዶ ወይም ወደ አረካ ገበያ የምትሄደውን ልጅ «በሳምንት አንድ ቀን ብትቀር ምን አለበት?» እንላለን። እስቲ አስሉት። ከአምስት የትምህርት ቀን አንዱ የዓመቱ አንድ አምስተኛ ነው። በዚህ አያያዝ 8ኛ ክፍልን ስትጨርስ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ትምህርት አምልጧታል፤ ፈተናው ግን ይህን አይቶ አይቀንስላትም።

የአንዲት ጎረቤቴን ልጅ ደብተር ገልጬ አይቻለሁ። «ክፍልፋዮችን መደመር» የሚል ርዕስ ተጽፎ ከሥሩ ባዶ ነው። የሚቀጥለው ገጽ ወደ ማባዛት አልፏል። ልጅቱ ሰነፍ አይደለችም፤ መደመሩን በተማሩበት ቀን ገበያ ነበረች። በወላይትኛ የተጀመረው ትምህርት ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ደግሞ እንዲህ ያለው ክፍተት ይብሳል፤ ያመለጣትን ቤት ውስጥ የሚያስረዳት ሰው አይኖርምና።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት የአገራችን ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ መቅረት ብቻ አይደለም። የመጽሐፍ እጥረት አለ፤ የመምህራን ደመወዝ ዘግይቶ ክፍሎች ተዘግተው የዋሉበትን ጊዜም አንረሳውም። ይህን መንግሥትን እንጠይቃለን። መሬታችን ጠባብ ነው፤ የበልጉ ምርት ሳይደርስ ቤት ባዶ ሲሆን ተርቦ የቀረውን ልጅ፣ ወላጁንም፣ አልወቅስም።

በለቅሶ ምክንያት የሚቀረው ግን በእጃችን ነው። ሰው በሞተ ቁጥር ውሃ ቅዳ፣ እንጨት ፍለጥ፣ ለእንግዳ ተላላክ እያልን ተማሪ ለቀናት እናስቀራለን፤ አዋቂ ሞልቶ ሳለ። ይህን ለማስቆም ከሶዶም ሆነ ከአዲስ አበባ መመሪያ አንጠብቅም። በየቀበሌያችን ዱቡሻ ተቀምጠን፣ በትምህርት ቀን ተማሪ ለለቅሶ ሥራም ለገበያም እንዳይቀር እንወስን። የጣሰውን እንደ ሌላው ጥፋት ጠርተን እንገሥጸው፤ የእኛ ልጅ ቢሆን እንኳ አንለፈው። ከጊፋታ በኋላ «ይህን ልጅ ስጡኝ፣ ከተማ አስተምረዋለሁ» የሚል ዘመድ ሲመጣም የት ትምህርት ቤት እንደሚያስገባው፣ ማን ዘንድ እንደሚያኖረው ሽማግሌ ፊት ቀርቦ ይናገር። ካልተናገረ ልጁ አይሂድ።