ስለ ካሜራ ሸክም

ማኅበራችን ከአባሎቹ መዋጮ ለፎቶግራፍ ክፍሉ አንድ ትልቅ ካሜራ፣ ሩቁን የሚያቀርብ ረጅም ዙም ሌንስ፣ ከነብልጭታውና ከነሦስት እግር ማቆሚያው እንዲገዛ የቀረበውን አሳብ አብዛኞቻችሁ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንብባችሁታል። አሳቡን ያቀረቡት ወንድሞቻችን በቅን ልቡና እንዳደረጉት አንጠራጠርም። እኛ ግን ግዢው ከመጽደቁ በፊት አንድ ጥያቄ መነሣት አለበት ብለን እናምናለን፤ ይኸውም፣ ከመካከላችን ማን ምን ዓይነት ፎቶግራፍ ያነሣል? የሚለው ነው። ይህ ሳይታወቅ ዕቃ መግዛት የእግሩን ልክ ላልነገረን ሰው ጫማ እንደ መግዛት ነው።

በግቢያችን ፎቶግራፍ የሚወድ ተማሪ ጥቂት አይደለም። ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዱ ከዘመድ ከወዳጅ ያሰባሰበውን ሌንስ ሁሉ በቦርሳ አጭቆ፣ ትከሻው እስኪዝል ተሸክሞ ይዞራል። ሌላው ደግሞ፣ ያ ሁሉ ስለሌለኝ ፎቶግራፍ አንሺ ልባል አልችልም ብሎ፣ በእጁ ያለችውን ትንሽ ካሜራ ከሣጥን አያወጣትም። ሁለቱ የማይገናኙ ሰዎች ይመስላሉ፤ እምነታቸው ግን አንድ ነው። ሥራው በዕቃው ብዛት ይለካል ይላሉ። የማኅበሩም የግዢ አሳብ ከዚሁ እምነት የተወለደ ይመስለናል።

ዕቃ ያበዛ ሰው ምን እንደሚገጥመው ለማየት፣ ከስድስት ኪሎ ብዙም ወደማይርቀው ጃን ሜዳ በከተራ ዕለት መውረድ ይበቃል። ጥር 10 ቀን ከቀትር በኋላ ታቦታቱ ከየአድባራቱ ወጥተው ሲመጡ፣ ካህናቱ፣ የሰንበት ተማሪዎቹ፣ ጃንጥላው፣ ከበሮው፣ እልልታው ሁሉ በአንድነት ይፈስሳል። ባለ ቦርሳው ፎቶግራፍ አንሺ በዚህ መካከል ተንበርክኮ፣ የአንዱን ሌንስ ክዳን በጥርሱ ነክሶ፣ ሌላውን ከካሜራው ሲነቅል ይታያል። የበጋው አቧራ በተከፈተው ካሜራ ገብቶ ሴንሰሩ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ በሚያነሣው ሰማይ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይታየዋል። ሌንሱን ቀይሮ ቀና ሲል ታቦቱ አልፏል። ይህን የምንለው ለመሳለቅ አይደለም። ሰውዬው ሰነፍ አይደለም፤ ከማለዳ ጀምሮ በእግሩ ሲዞር የዋለ ነው። ድካሙ ግን ከዕቃው ጋር በመታገል አለቀ።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ ዕቃ የትኛው የእኔ ነው? ብሎ ለሚጠይቅ ሰው፣ መልሱ በራሱ ፎቶግራፎች ላይ ተጽፎ ይገኛል። ዲጂታል ካሜራ እያንዳንዱን ምስል ሲያስቀምጥ፣ ሌንሱ በስንት ሚሊ ሜትር ላይ እንደ ነበረ፣ የብርሃን ቀዳዳው ምን ያህል እንደ ተከፈተ፣ ፍጥነቱም ስንት እንደ ነበረ አብሮ ይመዘግባል። ምስሉን በኮምፒዩተር ከፍቶ ዝርዝሩን ማንበብ ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው የዓመት ሥራውን ደርድሮ ከውስጡ የሚወዳቸውን ኀምሳ ምስሎች ይምረጥ፤ የእነዚህን ቁጥር በወረቀት ላይ ይጻፍ። የማይወዳቸውን መቁጠር አይጠቅመውም። ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር በሚደርሰው በተለመደው ዙም የሚሠሩ ሰዎች ይህን ሲያደርጉ ብዙ ጊዜ የሚያዩት ነገር አለ፤ ቁጥሮቹ በሁለቱ ጫፎች፣ በ18 እና በ55 ላይ ተከምረው ይገኛሉ፤ በመካከል ያለው ጥቂት ነው። ሰውዬው ዙሙን እስከ መጨረሻው የገፋው እግሩን ለማሳረፍ ነበር ማለት ነው። ከሁለቱ ጫፎች ወደ አንደኛው አብልጦ ያዘነበለ እንደ ሆነ ግን፣ ዓይኑ የሚያርፍበትን ቦታ አገኘ። የዚያን ልክ አንድ ሌንስ ያስቀር፤ ሌላውን ለሦስት ወር ያህል ለባልንጀራው ያውሰው። አንሽጥ፤ ማዋስ ይበቃል።

አንድ ሌንስ ብቻ ይዞ የሚውል ሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሚያገኘው ዕውቀት ከመጽሐፍ የሚገኝ አይደለም። በፊልም ዘመን በተለመደው፣ ዛሬም ፉል ፍሬም እየተባለ በሚጠራው በ24 በ36 ሚሊ ሜትር ልክ፣ የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ የያዘ ሰው ካሜራውን ወደ ላይ አቁሞ አንድን ቆሞ ያለ ሰው ከራስ እስከ እግር ለማንሣት ሦስት ሜትር ያህል መራቅ አለበት። በ28 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከአንድ ሜትር ተኩል ጥቂት ማለፍ ይበቃዋል። ይህን ልክ እግሩ ከለመደው በኋላ ካሜራውን ወደ ዓይኑ ከማንሣቱ በፊት ምስሉ ምን እንደሚይዝና ምን እንደሚተው ያውቃል። ከዚያም በላይ በ28ቱ ሌንስ ቀዳዳውን በ8 ላይ፣ ርቀቱን በሦስት ሜትር ተኩል ላይ አድርጎ ቢተወው፣ ከሁለት ሜትር ጀምሮ እስከ አድማስ ድረስ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ማስተካከል የለ፣ መጠበቅ የለ። የከተራው ሕዝብ ሲፈስስ የሚያስፈልገው ይህ ነው። ካሜራቸው አነስተኛ ሴንሰር ያለው ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ደግሞ፣ የ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ በእነርሱ ካሜራ ላይ ከሃምሳው ጋር የተቀራረበ ዕይታ እንደሚሰጥ ይወቁ፤ ሃምሳውን ገዝተው ጠበበብን የሚሉ ብዙዎች ናቸውና።

የብርሃኑም ነገር አለ። ከላይ ያነሣነው የተለመደ ዙም በረጅሙ ጫፉ ላይ ቀዳዳው ከ5.6 በላይ አይከፈትም። ርካሽ ከሚባሉት ሌንሶች አንዱ የሆነው ሃምሳው ግን እስከ 1.8 ይከፈታል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል፤ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከዘጠኝ እጥፍ በላይ ብርሃን ነው። በመብራት አንሶ በሚታይ የጠጅ ቤት ጥግ፣ በጭስ በተሞላ ማድ ቤት፣ ወይም በሌሊት ማኅሌት ጊዜ በጧፍ ብርሃን ለሚያነሣ ሰው፣ ይህ ልዩነት ምስል በማግኘትና ባለማግኘት መካከል ያለ ነው። ብልጭታ ይገዛ የሚሉት ወንድሞቻችን ይህን ቢያስቡት እንወዳለን። በማኅሌት መካከል ብልጭታ የሚያበራ ሰው የሚያገኘውን ግልምጫ እናውቃለን፤ የሚገባውም ነው።

ረጅሙን ሌንስ በተመለከተ ከዋጋው ይልቅ የሚያሳስበን ጠባዩ ነው። ረጅም ሌንስ የያዘ ሰው ከመንገድ ማዶ ቆሞ ጉሊት የተቀመጠችውን ሴት ሳታውቀው ያነሣታል። አጭር ሌንስ የያዘው ይህን ለማድረግ አይችልም፤ ሁለትና ሦስት ሜትር ድረስ መቅረብ አለበት፤ የቀረበ ሰው ደግሞ፣ «እንደምን ዋሉ እማማ?» ማለት ግዴታው ነው። እርሳቸውም፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ምን ልታደርገው ነው ልጄ?» ብለው ይጠይቁታል። አልፈልግም ይሉት እንደ ሆነ ምስጋናውን አቅርቦ ይሄዳል። ይሁን ካሉት ግን ፎቶግራፉ ላይ ያለው ፊት ሌላ ፊት ነው፤ የሚያየውን ሰው ያየ ፊት ነው። በሩቁ የተሰረቀ ፊት ይህ የለውም። በአገራችን ሳይቀርቡና ሰላም ሳይሉ የሰው ነገር መውሰድ ነውር ነው፤ ፊት ከዚህ የሚለይበት ምክንያት አይታየንም።

ከአፍሪካ ፎቶግራፍ አንሺዎች መካከል ይህን አሳባችንን በሥራው የሚያስረዳልን የማሊው ሴይዱ ኬይታ ነው። ኬይታ የተማረ ፎቶግራፍ አንሺ አልነበረም፤ እንጨት ሠሪ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1935 አጎቱ አንዲት ትንሽ ኮዳክ ካሜራ ሰጠው፤ በ1948 በባማኮ ከተማ የራሱን ፎቶ ቤት ከፈተ። በዚያ የሚሠራበት ካሜራ 13 በ18 ሳንቲ ሜትር ኔጋቲቭ የሚያወጣ፣ በእግር ማቆሚያ ላይ የሚውል ትልቅ ሣጥን ነበር። ብርሃኑ በአመዛኙ የቀን ብርሃን ነው። ከሰዎቹ በስተጀርባ የሚዘረጋው ጨርቅ መጀመሪያ ላይ የገዛ ራሱ የአልጋ ልብስ ነበር። ፊልም ውድ ስለ ነበረም ለአንድ ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የሚያነሣው።

ይህን የመጨረሻውን ነገር ቆም ብለን እናስበው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያነሣ ሰው ካሜራውን ከመንካቱ በፊት ሥራውን ይጨርሳል። ደንበኛው እንዴት እንደሚቀመጥ፣ እጁ የት እንደሚያርፍ፣ ቀሚሱ እንዴት እንደሚዘረጋ፣ ራስ ወደየት ዘንበል እንደሚል ኬይታ በቃልም በእጅም አስተካክሎ ነው የሚያነሣው። ሰዓት፣ ሬድዮ፣ የፈረንጅ ልብስ ለሌለው እርሱ ያውሰዋል። ትጋቱ ሁሉ ያለው ከሌንሱ ፊት ነው፤ ከሌንሱ በስተኋላ ያለው ዕቃ ከዓመት እስከ ዓመት አይለወጥም። እነዚያ ምስሎች በ1990ዎቹ በፓሪስና በሌሎች ከተሞች ሲታዩ፣ ዓለም የተደነቀው በባማኮ ሰዎች ግርማ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የኬይታ ካሜራ ትንሽ አልነበረም፤ ተሸክሞት ገበያ ሊሄድበትም አይችልም ነበር። ለእርሱ አሠራር ግን ከዚያ የቀለለ አልነበረም። ቀላል ስንል የኪሎውን ነገር ብቻ ማለታችን አይደለም።

መንገድ ለመንገድ የሚሄድ ሰው የሚያስፈልገው በተቃራኒው ነው። ኦስካር ባርናክ በጀርመን አገር ትንሿን ካሜራ ለመሥራት ካነሣሡት ምክንያቶች አንዱ የሳንባ ሕመሙ ነበር፤ የመስተዋት ካሜራዎቹን ይዞ ተራራ ለመውጣት አቅም አልነበረውም። ላይካ የተባለችው ያች ካሜራ በ1925 በላይፕዚግ የንግድ ትርኢት ቀረበች። ፈረንሳዊው ካርቲዬ ብሬሶን ደግሞ አብዛኛውን የሕይወት ሥራውን በዚችው ካሜራና በአንድ የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ፈጸመ፤ የብረቱ ማብለጭለጭ ሰው እንዳያነቃበት በጥቁር ይሸፍነው ነበር። የእርሱን ዝና የሚያውቁ አንዳንድ ወዳጆቻችን ያላቸውን ሁሉ ሽጠው ያችኑ ውድ ካሜራ ካልገዛን ይላሉ። ይህም ያው የፊተኛው በሽታ ነው፤ የመልኩ መቅጠን ብቻ ነው ልዩነቱ።

ረጅም ሌንስ የግድ የሚያስፈልገው ሰው እንዳለ አንክድም። በኳስ ሜዳ ዳር ቆሞ ስድሳ ሜትር ርቆ ያለ ተጫዋች በሃምሳው ሌንስ ያነሣ እንደ ሆነ፣ ተጫዋቹ ከምስሉ ቁመት አንድ አሥራ ስድስተኛ ብቻ ይሆናል፤ ጉንዳን ማለት ነው። ወደ ዝዋይ ሐይቅ ወፍ ለማጥናት የሚወርዱት የባዮሎጂ ተማሪዎችም 300 ወይም 400 ሚሊ ሜትር ቢጠይቁ ትክክል ናቸው፤ ወፍ ሰላምታ ተቀብሎ አይቆምምና። በምርቃት ሰሞን ቤተ ሰብ እያነሡ የዳቦ ገንዘብ የሚያገኙት ወንድሞቻችንም ዙምና ብልጭታ መሣሪያቸው ነው። እነዚህ ሁሉ አሠራራቸውን ያወቁ ናቸውና ከእነርሱ ጋር ክርክር የለንም። የምንከራከረው፣ የጥቂቶቹ ዕቃ የሁሉ ዕቃ ይሁን ከሚለው አሳብ ጋር ነው።

ካሜራ የሌለው ግን ስልክ ያለው ተማሪም ከዚህ ነገር ውጭ አይደለም። የስልኩ ዋና ሌንስ ዕይታው ሰፊ ነው፤ በፉል ፍሬም ስሌት ብዙ ጊዜ ከ24 እስከ 28 ሚሊ ሜትር ባለው ውስጥ ይወድቃል። በጣት እየሳቡ ማቅረብ ግን ስልኩ ለዚያ ሌላ ሌንስ ከሌለው በቀር ምስሉን ቆርጦ ማተለቅ ብቻ ነው። ጣቱን ትቶ በእግሩ የቀረበ ተማሪ፣ የመንገድ ፎቶግራፍ አንሺ የሚመርጠውን ሰፊ ሌንስ በኪሱ ይዞ እንደሚዞር ይረዳ።

በበኩላችን ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። ለአንዱ ትልቅ ካሜራና ለረጅሙ ሌንስ በታሰበው ገንዘብ፣ ያገለገሉ ግን ደኅና የሆኑ ሦስት ወይም አራት ቀላል ካሜራዎች ይገዙ፤ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቋሚ ሌንስ ብቻ ይኑራቸው። አባል የሆነ ተማሪ ሁሉ በተራው ይዋስ፤ ውሰቱም እስካሁን ስለ ትልቁ ካሜራ እንደ ታሰበው ለአንድ ቀን ሳይሆን ለአንድ ወር ይሁን፤ በአንድ ቀን ውስጥ እግር ርቀት አይለምድምና። ለኳሱና ለወፎቹ የሚሆነው ረጅም ሌንስ፣ ክፍሉ ከተጠናከረ በኋላ በሚመጣው ዓመት በጀት ይታይ። ይህች መጽሔት በማባዣ የምትወጣ ስለ ሆነች ፎቶግራፍ እንደሚገባ ልታሳይ አትችልም፤ ስለዚህ በወሩ መጨረሻ ተዋሹ ከሥራው አሥር ምስል መርጦ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ይስቀል፤ በእያንዳንዱም ሥር በስንት ሜትር ርቀት ቆሞ እንዳነሣው ይጻፍ።